«እናንተ ታውቃላችሁ» ባዩ አጎቴ በጥርስ ሐኪም ፊት

የምሥራች! እምቢ አሉ። ዛሬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ አንደበታቸው እምቢ አሉ።

እምቢ ያሉት አጎቴ ናቸው። እሳቸውን የማያውቅ የለም፤ በየቤቱ አንድ አንድ አሉና። ማንንም ላለማስቀየም ሲሉ ለሁሉም ነገር ራሳቸውን የሚነቀንቁ፣ ክቡር እሺ ባይ።

ፀጉር አስተካካዩ «ላሳጥረው?» ቢላቸው «እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው፣ በልጃቸው ሠርግ ላይ እንደ እንቁላል ተላጭተው ተገኝተዋል። አስተናጋጅ የሌላ ሰው ምሳ ቢያቀርብላቸው አመስግነው ይበላሉ። የአውቶቡስ ረዳት «ይግቡ አባባ» ካላቸው ወዴት ነው ሳይሉ ይገባሉ፤ አንዴማ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ተወስደው፣ ረዳቱ እንዳይከፋው ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ መስለው ወርደዋል። መድኃኒት ቤት «ገባዎት?» ሲባሉ «በደንብ!» ይላሉ፤ ገና ከበሩ ሳንርቅ ክንዴን ይዘው «ምን አለችኝ?» ይሉኛል።

እንግዲህ የፊት ጥርሳቸውን ሲያማቸው ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ወጣቷ ሐኪም ራጁን በስክሪን እያሳየች መንገዱ ሁለት መሆኑን አስረዳች፦ ወይ ጥርሱን ነቅሎ በሰው ሠራሽ መተካት፣ ወይ ሥሩን አጽድቶና ሞልቶ ከላይ ማልበስ። አጎቴ ገና የመጀመሪያውን «ወይ» ስትል ጀምረው ነው የሚነቀንቁት።

«እሺ ልጄ፣ እናንተ ታውቃላችሁ። የት ልፈርም?»

ሐኪሟ ብዕሩን አልሰጠቻቸውም። የተዘረጋውን ወንበር ቀና አደረገች፣ ጭንብሏን አወለቀች፣ በርጩማዋን አስጠግታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እስቲ አባባ፣ ምን እንደማደርግልዎት በራስዎ አባባል ይንገሩኝ።»

አጎቴ ትምህርቱን እንዳላጠና ተማሪ ወደኔ ዞሩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። በመጨረሻ፣ ጥርሱ እንደሚታይ፣ ከዚያም ደህና እንደሚሆን ተናገሩ።

አልሳቀችባቸውም። ነገሩን በአንዴ ያዥጎደጎደችባቸው እሷ ስለሆነች ጥፋቱ የሷ መሆኑን ነግራ፣ ጥርሱን ከነሥሩ ወረቀት ላይ እየሳለች እንደገና ጀመረች። መሃል ላይ ቆም አለችና፣ እኔን ጨምሮ ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን ጠየቀች፤ ይህ ጥርስ ለምን ለምን ይጠቅማቸዋል?

አጎቴ አቀረቀሩ።

«አፏጭበታለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣሉ። ስለዚህ አጎቴ ወደ ቤት ሲመለሱ አያንኳኩም፤ ያፏጫሉ። ባለቤታቸውም «ማን ነው» ሳይሉ ይከፍታሉ። ሐኪሟ ይህን ሰምታም አላባበለቻቸውም። ጥርሱ ከተነቀለ ፉጨቱ በሰው ሠራሹ ይመለሳል ብላ ቃል መግባት እንደማትችል፣ ሥሩን ማከሙም ምልልስ እንዳለው፣ ካልተሳካም መጨረሻው መነቀል ሊሆን እንደሚችል ቁርጡን ነገረቻቸው።

«ጥርሱ የርስዎ ነው አባባ። ልንቀለው?»

አጎቴ የወንበሩን እጀታ ጨበጡ። የትኛው መልስ እንደሚያስደስታት ከፊቷ ላይ ሊያነቡ ሞከሩ፤ ምንም የለም። የሰው ዕቃ እንደሰበረ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እምቢ። አይነቀል። ሥሩን ሞክሪልኝ... ይቅርታ ልጄ።»

«ይቅርታው ለምን? የጠየቅኩዎት እኮ እንዲመልሱልኝ ነው።»

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው። መርፌው የት እንደሚገባ፣ እስከ መቼ እንደሚያደነዝዝ፣ ቢያብጥ ለማን እንደሚደወል፣ ተራ ጠባቂዎች በበሩ አጮልቀው እስኪያዩ ድረስ ጠየቁ። ሲያበቁ ሁሉንም አንድ በአንድ፣ እሷን የሚያስተምሩ በሚመስል ኩራት፣ ደገሙላት። ብዕሩን የሰጠቻቸው ያን ጊዜ ነው።

ሕክምናው በዚያው ተጀመረ። ቤት ስንደርስ አጎቴ በሩ ላይ ቆመው ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ። ግማሽ ፊታቸው ደንዝዟልና የወጣው «ፉፍ» የሚል አየር ብቻ ነው። ደገሙት። «ፉፍ።» ላንኳኳ እጄን ስዘረጋ ያዙኝ። በሩ ተከፈተ።

«ምነው ሽማግሌው፣ ጎማህ ተነፈሰ?» አሉ ባለቤታቸው፣ የአጎቴን ፊት በእጃቸው እየፈለጉ።

አጎቴ በተንሻፈፈ አፋቸው ሐኪሟን እምቢ ማለታቸውን አወሩ። ባለቤታቸው አላመኑም፤ «አንተ?» ብለው፣ የአጎቴን ጉንጭ እንደያዙ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። እኔ ደግሞ የአንድ ሰው እምቢታ እንዲህ እንደሚያስለቅሰኝ የት አውቄ!

እናቴ የአጎቴ ታናሽ እህት ናት፤ ልነግራት ብደውል ስልኳ ተይዟል። በሉ ልሂድ፤ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ከነገራትማ አልቆልኛል።