የሦስታችን ኮት

እዚያ ወንበር ላይ እንዳትቀመጡ፤ ኮቱ አለ። አልጋው ላይ ጠጋ በሉ። ኮቱስ ከቅዳሜው ሠርግ መጥቶ አርፏል፤ ያላረፍኩት እኔ ነኝ።

ሜልቦርን ሲሞቅ ፈረንጁ ወደ ባሕሩ ይሄዳል፤ ሐበሻው ወደ ሠርግ። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ መልስ፣ ሰኞ ሥራ። አዲስ አበባ ብንሆን ግማሹን «አልሰማሁም» ብለን እናልፈው ነበር፤ እዚህ ግን ሰዉ ትንሽ ነው፣ የቀረ ይታወቃል። መሄዱስ ባልከፋ፣ ምን ለብሶ? ሴቶቹ ይጨነቃሉ ይባላል እንጂ እነሱስ ቀሚሱን ካገር ቤት ያስመጣሉ፣ ጥለቱን ይመርጣሉ፣ አለቀ። ሳምንቱን ሙሉ ዲር ፓርክ መጋዘን ውስጥ በብርቱካናማ ሰደርያና በሴፍቲ ጫማ ካርቶን ሲደረድር የሚውል እንደኔ ያለ ወንድ ግን ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ያየዋል፣ ቁም ሣጥኑም መልሶ ያየዋል።

የቅዳሜው ደግሞ ተራ ሠርግ አልነበረም። ፍቅረኛዬ ሜሮን እስከዛሬ ከእናቷ ደብቃኝ ኖራ፣ እዚያ ላስተዋውቅህ አለች። እናቷ ካልወደዱኝ በሩ እንደተዘጋ ነው፤ ሁለተኛ አይከፈትም። «እማዬ መጀመሪያ የምታየው ልብስ ነው። በናትህ ሰው ምሰል» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ምን እመስል እንደነበር አልጠየቅኳትም።

ዓርብ ኦቨርታይም ገብቼ ስለነበር፣ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነና ልብስ ፍለጋ የተነሣሁት በሠርጉ ጠዋት ነው። የአገር ልብሴን አወጣሁ። ለካ ድራየር፣ ማድረቂያው ማሽን፣ ውስጥ ከትቼው ተኮማትሮ ኖሮ ለክርስትና ልጅ ካልሆነ ለኔ አይሆንም። የቆዳ ጃኬቴን ሞከርኩ፤ መስታወቱ ውስጥ መኪና ሊሰርቅ የመጣ የሚመስል ጎረምሳ ቆሟል። የቀረው የቤታችን ኮት ነበር።

ቀጭኑ ስለሺ፣ ወፍራሙ ብሩክና መካከለኛው እኔ አንድ ቤት ተከራይተን እንኖራለን፤ ኮታችንም አንድ ነው። ስለሺ ያገለገለ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ ያገኘው፣ ሰማያዊ፣ ነጭ መስመር ጣል ጣል ያለበት፣ ለሁላችንም የሚሆን፣ ማለትም ለማናችንም ልክ ያልሆነ ኮት ነው። ሠርግ የተጠራ ይለብሰዋል፤ ሁለታችን ከተጠራን አንዱ «ሺፍት አለብኝ» ብሎ ይቀራል። የተማሩት ይሄን ምን እንደሚሉት አላውቅም፣ እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ነው የወጣሁት። እኛ ቤት ተራ ይባላል።

ተራው የብሩክ ነበር። ለብሶም ነበር። ለመንኩት።

«እኔ የምሄደው ለክትፎው ነው፣ አንተ ለትዳር» አለና አወለቀው። «ክትፎውን ግን በፌስታል ይዘህልኝ ና።»

አዳራሹ ዋይንድሃም ቬል፣ ዛፍ ገና ያልበቀለበት አዲስ ሰፈር ውስጥ ነው። የሜሮን እናት እትዬ ዘውዴ ከፊት ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ሜሮን ስሜን ነገረቻቸው፣ እኔም ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ፊቴን አላዩም። የኮቱን ደረት ሳብ አድርገው ወደ መብራቱ አዞሩና አንዲት የፈዘዘች ነጠብጣብ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይቺን የወጥ ቅባት በሎሚ ያሸሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ባለፈው ሠርግ። ልጁ ወፈር ያለ ነበር።»

ኮቱን ገና አልለቀቁም።

«ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ቀጭን ልጅ ለብሶት እስክስታ ሲወርድ ብብቱ ተተረተረ።» እጄን አንሥተው ብብቱን አዩ። «ሰፍታችሁታል፤ ደግ።»

ሜሮን ምንጣፉን ታያለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለዋል አበው፤ የሦስት ሰው ኮት ምን እንደሚያደርግ ግን ሳይነግሩን ነው ያለፉት። ከሜሮን ጋር ተለማምጄ የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ምን ልበላችሁ፣ እዚህ አገር ለቪዛ ታይቻለሁ፣ ለሥራ ታይቻለሁ፣ ቤት ልከራይ ስል ታይቻለሁ። መታየት ራሱ ደክሞኛል። «አይሆንም» ይበሉኝና ልሂድ፣ መኪና ውስጥ ገብቼ ጫማዬን ላውልቅ ብዬ ቆምኩ።

እትዬ ዘውዴ አልተቆጡም፣ አልሳቁም። እጅጌዬን እንደያዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ፤ አስተያየታቸው ኮቱን እንዳዩት ነው፣ ረጋ ብለው፣ ስፌት እንደሚፈልግ ሰው።

«ኮቱንስ እናውቀዋለን» አሉ። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»