ሻምበል አሳሄልን አባት ለማድረግ የተደረገ ስብሰባ

የስታንብሪጅ ቤተሰብ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ቅዳሜ ኦገስት 14 ቀን 1971 ከምሳ በፊት በሳውዝ ዋርዲንግ፣ ኮኔቲከት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተካሂዷል።

ጸሐፊ፦ ሉተር ስታንብሪጅ። ዕድሜው ሰማንያ ሦስት ነው። እንጨቱን ራሱ ይፈልጣል፣ ላሙን ራሱ ያልባል፣ ያለ መነጽር ይጽፋል። ይህ እዚህ የሰፈረው ወይዘሮ ቢዩላ «ዘንድሮ እንኳ ጸሐፊ እንለውጥ» የሚል ሐሳብ ስላቀረቡ ነው። ሐሳቡ ደጋፊ አላገኘም።

የተገኙ፦
አቶ ኤልድሪጅ ስታንብሪጅ፣ ሰብሳቢ
ወይዘሮ ቢዩላ ስታንብሪጅ፣ ገንዘብ ያዥ
ወይዘሪት ፊሉራ ዊትኮም፣ የዘር ሐረግ ተመራማሪ
አቶ ሆራስ ስታንብሪጅ፣ አባል
ጸሐፊው

ምልዓተ ጉባኤው በደንቡ አምስት ሰው ነው፤ ተሟልቷል። አቶ ሆራስን እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ደንቡ መገኘት እንጂ መንቃት ስለማይል ተቆጥረዋል።

ተራ ቁጥር 1። ስለ መቃብሩ ድንጋይ

ወይዘሪት ፊሉራ፣ ሁላችን የዘር አባታችን የምንላቸውን የሻምበል አሳሄልን ባለቤት የወይዘሮ ፓሽንስን መቃብር በጸደይ ሄደው እንዳጸዱ፣ የድንጋይ ሽበቱ ሲፋቅ የሞቱበት ዓመት 1660 ሆኖ እንደተገኘ አስረድተዋል። እኛ አራታችን ስታንብሪጆች ዘራችንን የምንቆጥርበት፣ የሁለቱ ልጅ ነው የምንለው ኤሊፋሌት ስታንብሪጅ ግን የተወለደው በ1662 ነው።

ወይዘሮ ቢዩላ «የድሮ ሴቶች ጠንካሮች ነበሩ» ብለዋል። ወይዘሪት ፊሉራም «ቢጠነክሩስ ሞተው ይወልዳሉ እንዴ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ሰብሳቢው ሻምበሉ ሁለተኛ ሚስት አግብተው ይሆናል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሆኖም ሻምበሉ ከፓሽንስ በኋላ ሌላ ሴት ቀና ብለው እንዳላዩ በየዓመቱ ስንመካበት የኖርን ሲሆን፣ የዛሬውን የመክፈቻ ንግግር በዚሁ ጉዳይ ላይ ያሰሙት ራሳቸው ሰብሳቢው መሆናቸው ታውሶ ሐሳቡ ቀርቷል።

ወይዘሪት ፊሉራ ቀጥለው ነገሩን ገልጸዋል። በዚያ ዘመን ሰው ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ በእናቱ እጅ ይሞላቀቃል ብሎ፣ ሥርዓት እንዲማር ለሌላ ቤት ይሰጠው ነበር። ኤሊፋሌት የጆብ ክራውች ልጅ ነው። ጆብ ክራውች የባዘኑ አሳማዎችን የሚይዝ የመንደሩ አሳማ ያዥ ነበር። ልጁን ለሻምበሉ ቤት ሰጠ። ሻምበሉ ከሴት ልጃቸው ከሜርሲ በቀር ልጅ ስላልነበራቸው በሞታቸው ሰዓት «ስሜን ከያዝክ መሬቱ ያንተ ነው» አሉት። የከተማው የፍርድ መዝገብም ይህንኑ ይላል። ወይዘሪት ፊሉራ ራሳቸው ከሜርሲ እንደሚወለዱ ማንም ሳይጠይቃቸው ሦስት ጊዜ አስታውሰዋል።

ተራ ቁጥር 2። ስለ አባትነት

ወይዘሮ ቢዩላ «ከአሳማ ያዥ ልጅነት የሻምበል ዲቃላነት ይሻለኛል» በማለት ኤሊፋሌት በዲቃላነት እንዲመዘገብ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው የጠዋቱን ንግግር ምን ላድርገው ብለው ስለተቆጡ ሐሳቡ ወድቋል።

በምትኩ ሻምበሉ ኤሊፋሌትን ዛሬ በማደጎ እንዲወስዱት ሐሳብ ቀርቧል። ወይዘሪት ፊሉራ «ሻምበሉን ማን ጠየቃቸው?» ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ሻምበሉ ተቃውሞ ካላቸው እንዲያሰሙ በስማቸው ተጠርተው ዝም ስላሉ፣ ማደጎው ጸድቋል።

ወይዘሪት ፊሉራ ማደጎ ደም እንደማይሆን አሳስበዋል።

ተራ ቁጥር 3። ስለ መቃብሩ ግቢ

በሻምበሉ የመቃብር ግቢ ውስጥ የሚቀበረው የሻምበሉ ደም ያለው ሰውና የትዳር ጓደኛው ብቻ ነው። የቀረው ቦታ አንድ ነው። እሱም ከጸሐፊው ባለቤት ከኦርፋ በስተቀኝ፣ ለጸሐፊው የተያዘው ነው። ኦርፋ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው።

ወይዘሪት ፊሉራ ቦታው በደንቡ ለእሳቸው እንደሚገባ፣ ኦርፋ ግን «በእንግድነት ብትቆይ» እንደማይቃወሙ ገልጸዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዕሩን ስላስቀመጠ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም። በመካከሉ የተባለውን ሰብሳቢው እንዳይጻፍ አዘዋል።

ብዕሩ ሲነሣ ጸሐፊው «አርባ ሰባት ዓመት ከጎኗ የተኛሁት እኔ ነኝ። አሁን አንቺ ልትተኚ ነው?» እያለ ነበር። ወይዘሪት ፊሉራም «እኔስ የት ልግባ፣ ሉተር? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። የአያቴ ግቢ እኮ ነው!» ብለው መሐረባቸውን አውጥተዋል።

ሰብሳቢው አባልነትም በደም ነው፣ ደንብ ደንብ ነው በማለት የኤሊፋሌት ዘሮች ከዛሬ ጀምሮ ከአባልነት እንዲሰረዙ ድምፅ አስሰጥተዋል። ሁለት ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ። አቶ ሆራስ ተቀስቅሰው «ትደግፋለህ?» ሲባሉ «አዎ፣ ባቄላውም ይጨመርልኝ» ብለዋል። በሦስት ድምፅ ጸድቋል።

ተራ ቁጥር 4። ስለ አዲሱ ዘመድ

የጆብ ክራውች ዘር የሆነው ወተት አምራቹ አቶ ዴልበርት ክራውች ለምሳው ክሬም ሊያደርስ መጥቶ ነበርና ከደጅ ተጠርቶ፣ ነገሩ ተነግሮት ዘመዶቹን እንዲረከብ ተጠይቋል።

«ማንን? እናንተን?» ብሏል። «አያቴን በዚህ በር አላስገባም ያለው ያንተ አያት አይደለም፣ ኤልድሪጅ? እኛ ሞልተናል። መቃብርም እንደሆነ ለራሴም አልተረፈኝ።»

ሊወጣ ሲል ግን ባርኔጣውን አውልቆ «ያ ልጅ መሬቱን ካገኘ በኋላ እናቱን ተመልሶ ጠይቋታል?» ሲል ጠየቀ። ወይዘሪት ፊሉራ እንደማያውቁ ገለጹ። የሚያውቅ አልተገኘም። የእናቱንም ስም የሚያውቅ አልተገኘም።

ተራ ቁጥር 5። ስለ ምልዓተ ጉባኤ

ጸሐፊው አንድ ጥያቄ አንሥቷል፦ «እኛ አራታችን አባል ካልሆንን ድምፅ የሰጠው ማን ነው? አባል አንድ፣ ምልዓተ ጉባኤ አምስት!»

ወይዘሪት ፊሉራ «ብቻዬን እሰበሰባለሁ» ብለዋል። ሰብሳቢው «ሐሳብሽን ማን ይደግፍልሻል?» ብለዋቸዋል። ወይዘሪት ፊሉራ ካሰቡ በኋላ ተቀምጠዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ ያልነበረው ስለሆነ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ማደጎውም ስረዛውም ጭምር፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወስኗል። አባል ያልሆነ ሰው መሻር ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ከወይዘሮ ቢዩላ ተነሥቶ፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ ስለሆነ ታልፏል። ስብሰባው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ተበትኗል።

ከዚህ በታች ያለው ማኅበሩን አይመለከትም። ጸሐፊው ራሱ የሚከፍላቸው ዕዳዎች ናቸው፤ ማንም እጁን አያስገባ።

ለዴልበርት፦ የኤልድሪጅ አያት የኔም አያት ነውና በእሱ ፈንታ አንድ ይቅርታ። በረቱ ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ።

ለአቶ ጆብ ክራውችና ለሚስቱ፦ ልጃቸውን ሰጥተው ድንጋይ እንኳ የላቸውም። ከአጥሬ አንድ ጥሩ ድንጋይ አወጣለሁ። ስሟን ስለማላውቅ «እናቱ» ብዬ እቀርጻለሁ። ፊደሉ ቢጣመም የኔ ጉዳይ ነው።

ለፊሉራ፦ «ልክ ነሽ» የሚል ቃል። በአፌ እንጂ በጽሑፍ አይሆንም። ደግሞም ከኦርፋ በስተግራ እኔ የተከልኩት የሊላክ አበባ ቁጥቋጦ አለ፤ ቢነቀል አንድ ሰው ያስተኛል። ሥሩ ወፍራም ነው። ሰኞ እጀምራለሁ።