ቱቦ የሌለው ማቀዝቀዣ

የገዛውን ዕቃ ከሰው አብልጦ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእህቴ ባል ማርቆስ እንዲህ ነው። በበጋው ሙቀት አስም ያለባቸው አባቱ ሲጨነቁ፣ ሶዶ ገበያ ወጥቶ ቱቦ የማይፈልግ፣ በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ መረጠ። ባለሱቁ «መስኮት ክፍት ይሁን» ቢለውም፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብሎ የአባቱን ክፍል በሩንም መስኮቱንም ዘግቶ ማሽኑን አበራው።

ክፍሉ በእርጥብ ሙቀት ታፈነ። ሽማግሌው ትንፋሽ አጠራቸው፤ ደግፌ ሳስቀምጣቸው ከንፈራቸው ጠቁሯል። እህቴ ወደ መስኮቱ ስትሮጥ ማርቆስ ከፊቷ ቆመ።

«ቆይ እንጂ፣ አሁን መቀዝቀዝ ይጀምራል።»

«እየቀዘቀዙ ያሉትስ አባትህ ናቸው» አለችና ገፍታው ከፈተችው።

ነፋስ ገባ። ሽማግሌው ቀስ በቀስ መተንፈስ ጀመሩ። ማርቆስም ላቡን ጠርጎ ማሽኑን መታ መታ አደረገና «አላልኳችሁም? ሠራ» አለን።