የአያ ታከለ ተዝካርና የእኔ ስሌት

በእኛ አገር መኖር ርካሽ ነው፤ ውዱ መሞት ነው። ይህን ስል የምቀልድ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ ተናድጄ ነው። ሰውዬው በሕይወት ሳለ ማረሻው ተሰብሮ ሲለምናቸው ያልሰሙት፣ ልጁ ታሞ ጥቂት ማር ሲፈልግ «ዘንድሮስ ንቡ ጥሎን ሄደ» ያሉት ዘመዶቹ፣ ዐረፈ ሲባል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። አልቅሰውም አያበቁም። ለተዝካሩ ስንት ቀን እንደቀረ የሚያስታውሷችሁ እነሱ ናቸው። ቁጥር አያውቅም የምትሉት ሰው ሁሉ ወደ አርባው ቀን ሲሆን አንዲት ቀን አይስትም።

እኔ ደግሞ ቁጥር አስተማሪ ነኝ። ጠላት ከአገር በወጣ በዐሥራ ጥቂት ዓመቱ ጎንደር ከተማ ሒሳብ አስተምር ነበር። መጽሐፉ ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ ተማሪዎቼ ባቡር ከአንዱ ጣቢያ ተነሥቶ ሌላው ጣቢያ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ሲያሰሉ ይውላሉ፤ ከክፍሉ ውስጥ ግን ባቡር በዓይኑ ያየ አንድም አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ። እናም አንድ ቀን ባቡሩን ተውሁትና ጎተራ አመጣሁ። ያለህ ይህን ያህል ነው፤ የምታወጣው ካለህ አይብለጥ፤ ታዲያ ስንት በግ ትገዛለህ፣ ስንት ቁና ትሸጣለህ? ተማሪዎቼ ነቁ። እኔም ነቃሁ። ዓለምን የሚያድን ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር ብላችሁ እመኑኝ።

በዚያው ታኅሣሥ የታላቅ እህቴ የየሻረግ ባል አያ ታከለ ከጎንደር በላይ ባለችው ኮሶዬ ሞተ። አራት ልጅ፣ ጥማድ በሬ፣ ስድስት በግና አንድ ጎተራ ገብስ ትቶላት ሄደ። ለቅሶው ገና ሳይበርድ የሟቹ ታላቅ ወንድም አያ ገሠሠ መሐል ቤት ተቀምጦ ሐሳቡን ተናገረ።

«የወንድሜ ተዝካር ያለ በሬ አይወጣም። ምነው፣ ታከለ ሰው አልነበረም?»

አያ ገሠሠ ራሱ ሦስት በሬ አለው። ይታረድ ያለው ግን የእህቴን ነው። ለሐዘን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ እህቴም አንገቷን ደፋች። ሁለት በሬ ያላት ሴት አንዱን አረደች ማለት እርሻዋን አረደች ማለት ነው፤ በአንድ በሬ የሚያርስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

ደሜ ፈላ። ሰው ሲወጣ እህቴን ወደ ጎተራው ወሰድኋትና በከሰል ጭቃው ላይ እጽፍላት ጀመር። ገብሱ ዐሥራ ሁለት ዳውላ ነው፤ ዳውላው በሃያ ቁና ሁለት መቶ አርባ ቁና። ለዘር ስድሳ፣ እስከ መጪው አዝመራ ለአንቺና ለልጆቹ ቀለብ መቶ ሃያ። ይህ አይነካም። ለአንድ ተዝካርተኛ እንጀራውም ጠላውም ተደምሮ ግማሽ ቁና እንበል። የሰውን ብዛት ገና አላወቅነውምና «ሰ» ብለን እንጥራው። የ«ሰ» ግማሽ ከመቶ ሰማንያ ጋር ተደምሮ ከሁለት መቶ አርባ አይብለጥ። ስለዚህ «ሰ» ከመቶ ሃያ አይበልጥም። ለወጡ አራት በግ ይበቃል። በሬዎቹ ይተርፋሉ።

የሻረግ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ጎተራዋን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። ጽሕፈቱን ብዙ አየችው።

«ሸጋ ነው፣ ወንድሜ» አለችኝ። «መቶ ሃያ ከሞላ በኋላ የሚመጣውን ሰው ማን ይመልሰዋል?»

«እኔ!» አልኋት።

የነፍስ አባቷ መምሬ ካሴ እንኳ ሲሰሙ ደስ አላቸው። «ለነፍሱ ጸሎቱና ቅዳሴው ይበቃዋል፤ ሥጋው የኛ ነገር ነው» አሉና የካህናቱን ቁጥር ራሳቸው ቀነሱልን። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ካህናቱ ሁሉ ተቆጥረው መቶ ዐሥራ አራት ሆኑ። ስድስት ሰው ተረፈኝ። እህቴ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

አሁን የምናደድበትን ልንገራችሁ። ስድስት ሲተርፈኝ እኔ ስምንት ጋበዝሁ። ዳይሬክተራችንንና የሥራ ባልደረቦቼን ነው። ሁለት ሰው ቢበልጥ ምን ይለዋል ብዬ ነዋ! ተማሪዬ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ወረቀቱን በቀይ እሞላለት ነበር።

የተዝካሩ ዕለት ማኪና ተከራይተው ከጎንደር መጡ፤ ኮት ለብሰው፣ ክራባት አስረው። ዳሱ ውስጥ ከፊት አስቀመጥኋቸው። ቆጠርሁ፤ መቶ ሃያ ሁለት። ጠላው ደርሷል፤ እንጀራው ሞልቷል፤ ስሌቴ ሊሠራ ነው። የበጉ ወጥ ሲቀርብ አያ ገሠሠ ድስቱን ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«ይብላኝ ለወንድሜ!» አለ ዳሱ ሁሉ እስኪሰማ። «ጥማድ በሬ በደጁ ቆሞ፣ መምህሩ አማቹ በበግ ሸኘው!»

አንዳንዱ ሳቀ። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ከመምህራኑ አንዱ ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ስለ አየሩ ተናግሮ ሊሆንም ይችላል። እኔ ግን ጆሮዬ ጋለ፤ ፊቴ ጋለ፤ የእህቴ አራት ልጆች፣ ዘሩ፣ ቀለቡ፣ በከሰል የጻፍሁት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ከመቀመጫዬ ብድግ አልሁ።

«ቦራውን በሬ አምጡት!» አልሁ።

አያ ገሠሠ አይደለም ያለው። ካህናቱም አይደሉም። እኔ ነኝ። የሻረግ ከጓዳው በር ላይ ቆማ አየችኝ። ሰው ፊት ወንድሟን እንዳታዋርድ ብላ ዝም አለች። ያን ዝምታ ባስታወስሁ ቁጥር ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

በሬ ታረደ መባሉን ማን እንዳወራው አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ ግን የማናውቀው አገር ሰው ሁሉ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ይገባ ጀመር። ሦስት መቶ ስደርስ መቁጠሬን ተውሁ። ልመልሰው የማልሁትን ሰው ክንዱን ይዤ ቦታ አስያዝሁት። እንጀራና ጠላ ከየጎረቤቱ በብድር መጣ፤ ብድሩም ኋላ የተመለሰው ከዘሩ ገብስ ነው። እንግዶቼ ጥሬ ሥጋቸውን በልተው፣ እኔን አመስግነው፣ በማኪናቸው ሄዱ።

ጎንደር ተመልሼ ቁጭ ብዬ አሰላሁ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? ከደመወዜ የቤት ኪራይና ቀለብ ሲቀነስ በወር አምስት ብር ይተርፈኛል። የእርሻ በሬ ሰባ ብር ነው። አምስት በወሮቹ ብዛት ተባዝቶ ከሰባ እንዳያንስ ስንት ወር ያስፈልገኛል? ዐሥራ አራት። ስሌቱ አንዲት ስሕተት የለበትም፤ ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ። የመጀመሪያው እርሻ ግን መጋቢት ላይ ነው፤ መጋቢት ደግሞ ዐሥራ አራት ወር አይጠብቅም።

መጋቢት ሲገባ ይህን ልነግራት ኮሶዬ ወጣሁ። የሻረግ ከማሳው ዳር ቆማለች። ማሳው ውስጥ የሚያርሰው አያ ገሠሠ ነው፤ ከሦስቱ በሬዎቹ አንዱን ከእሷ ብቸኛ በሬ ጋር ጠምዶ። በሬውን ያዋሳት፣ የጎደለውንም ዘር የሰጣት እሱ ነው፤ በአዝመራው ከምርቱ ግማሹን ይወስዳል። የወንድሙ ልጆች ከሚበሉት ግማሹን! ገና ሲያየኝ ጅራፉን ከፍ አድርጎ ጮኸ።

«እንደምን ዋልህ፣ መምህር! የወንድሜን ተዝካር እኮ እስከ ደባርቅ አወሩለት!»

ያን ሁሉ ወር ያጠራቀምሁት ስድብ አፌ ላይ መጣ። ጥርሴን ነክሼ ፊቴን አዞርሁበት። እህቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«መልስለት እንጂ» አለችኝ ቀስ ብላ። «በሬውን ፈትቶብኝ ይሄዳል።»

«እንደምን ዋልህ፣ አያ ገሠሠ» አልሁት።