ፎጣ ወይስ መሰላል

[የአንድ ማተሚያ ቤት የእርማት ክፍል፤ የምሳ ሰዓት። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። የአንደኛው ወንበር አንድ እግር አጭር ስለሆነ ከሥሩ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ገብቶለታል። እሱ ላይ ወገቡን ይዞ የተቀመጠው አራሚው ነው። ፊት ለፊቱ ለቃሚው አለ፤ ፊደል በእጅ መልቀም ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ እሱ ግን በኮምፒውተር እየጻፈም ስሙ ለቃሚ ነው።]

አራሚ፦ ፎጣ?

ለቃሚ፦ ፎጣ።

አራሚ፦ ፊት የሚጠረግበት ፎጣ?

ለቃሚ፦ ኧረ ተጫዋቹ ጋሼ! ደጋፊው ያወጣለት ስም ነው። የተቀያሪዎች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለጓደኞቹ ፎጣ ሲያቀብል ስለኖረ።

አራሚ፦ እና እኔ፣ ከአንድ ሙሉ የቅርጫት ኳስ ሊግ ውስጥ ፎጣ አቀባይ ልምረጥ?

ለቃሚ፦ ለወገብህ አዝኜ ነው።

አራሚ፦ ወገቤን ተወው! መጀመሪያ ነገር፣ ጨዋታው ራሱ ገብቶሃል?

ለቃሚ፦ ገብቶኛል። እያንዳንዳችን በሐሳብ ቡድን እናቋቁማለን። ተጫዋቾቹ ግን የእውነት ናቸው፤ ሜዳ ላይ ያገቡት ለእኛ ይቆጠራል። እነሱ ያልባቸዋል፣ እኛ እንሰዳደባለን።

አራሚ፦ መጨረሻ የወጣስ?

ለቃሚ፦ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

[ወንበሩ ሲጢጥ ይላል።]

አራሚ፦ አምና ማን መጨረሻ ወጣ?

ለቃሚ፦ ልናገር?

አራሚ፦ አትናገር! ያሸነፈችው ጠራዧ ናት። ከመጽሐፍ ስፌት በቀር የማታውቅ ሴት! ለእሷ ቡድን ያገቡት ኳስ መሆኑን እንኳ ማወቋን እጠራጠራለሁ። ዘንድሮ ግን አበቃ። አራቱን መርጫለሁ፤ አምስተኛው ብቻ ቀርቶኛል። መጨረሻ የወጣ ቀድሞ ይለቅማል፣ የውርደቴ ካሳ እሱ ነው። እሷ የምርጫ ወረቀት የምትሰበስብበትን ሳጥን ይዛ ሳትመጣ ማንም ያላየውን፣ ሰው ሁሉ የናቀውን አንድ ዕንቁ አገኛለሁ።

ለቃሚ፦ እሱን እኮ ነው የምልህ። ፎጣ።

አራሚ፦ ይኸውልህ፣ አንተ በዓይንህ ታያለህ፤ እኔ አነባለሁ። [ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ያነሳል።] አንተው የለቀምከው ሰንጠረዥ ነው።

ለቃሚ፦ ሁለት ገጽ ነበር የሰጠሁህ።

አራሚ፦ አንዱ ይበቃኛል። ሁለተኛውን ለተሻለ ቁም ነገር አውዬዋለሁ። አሁን ስማ። ከታች፣ መጨረሻው መስመር ላይ፤ መሰላል።

ለቃሚ፦ መሰላል? ረጅሙ?

አራሚ፦ ረጅሙ! ሰው ሁሉ አልፎታል። ጠራዧ አለፈችው፣ የቀለም ክፍል ሰዎች አለፉት፣ ዘበኛው እንኳ አለፈው። ለምን ይመስልሃል?

ለቃሚ፦ ለምን እንደሆነማ...

አራሚ፦ ማንበብ ስለማይችሉ ነው! እየው፣ "ማ" የሚለው ሥር ስንት ይላል?

ለቃሚ፦ አርባ አራት።

አራሚ፦ አርባ አራት! ካቻምናስ?

ለቃሚ፦ ካቻምናም አርባ አራት። ከዚያ በፊትም አርባ አራት። ሌላ ቡድን ሲሄድ እንኳ አርባ አራትን አይለቅም።

አራሚ፦ ይህ ነው ወጥነት የሚባለው! የአንተ ፎጣስ?

ለቃሚ፦ ሦስት።

አራሚ፦ [ይስቃል፤ ወገቡን ይይዛል።] ሦስት! ሦስትማ እኔም በዚህ ወገቤ አላጣም።

ለቃሚ፦ አንተማ ለምን ታጣለህ? ከሰፋህ ይጠብልሃል።

አራሚ፦ ምኑ?

ለቃሚ፦ ሦስት ቁጥሩ።

አራሚ፦ ቁጥር አይጠብም፤ አሁን አታደናግረኝ። ወደ "ዕ" እንሂድ። መሰላል ሠላሳ ስምንት።

ለቃሚ፦ ሠላሳ ስምንት ግን አልበዛም ጋሼ?

አራሚ፦ በዛ እንጂ! ስለበዛ አይደለም እንዴ የምወስደው? አምናስ ስንት ነበር?

ለቃሚ፦ ሠላሳ ሰባት።

አራሚ፦ ካቻምና?

ለቃሚ፦ ሠላሳ ስድስት። በየዓመቱ አንድ ይጨምራል።

አራሚ፦ ሳይዋዥቅ?

ለቃሚ፦ አንድም ዓመት ዘልሎ አያውቅም።

አራሚ፦ [ተነስቶ] የታለ እንዲህ ያለ እድገት? እኔና አንተ ስንት ዓመት ሠርተን ምን ጨመርን?

ለቃሚ፦ እኛም ያው እንደሱው ጨምረናል።

አራሚ፦ ቀልደኛ። ፎጣስ?

ለቃሚ፦ ሃያ ሁለት። ግን ገና ነው ጋሼ፣ ይደርሳል።

አራሚ፦ መቼ?

ለቃሚ፦ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ።

አራሚ፦ እስከዚያ እኔ እዚህ ወንበር ላይ ልሰበር? "ጫ" ላይ ምን ይላል? መሰላል ሃምሳ! በተጋጣሚ ላይ ሃምሳ!

ለቃሚ፦ እሱን እንኳ አልክድህም። ሃምሳ እንደ ልብ አይገኝም። በትእዛዝ ነው የሚሠራለት።

አራሚ፦ አየህ! በአሰልጣኙ ትእዛዝ! ሥርዓት ያለው ልጅ ነው።

ለቃሚ፦ ልጅ እንኳ... ጉልበቱ ላይ በረዶ ሲያስሩለት አይቼዋለሁ።

አራሚ፦ ያን ሁሉ ተሸክሞ ጉልበቱ ላያመው ነው?

ለቃሚ፦ እሱስ ልክ ነህ። ያማል። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?

አራሚ፦ አጭር ከሆነ።

ለቃሚ፦ ተማሪ ሳለሁ የትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ነበርኩ።

አራሚ፦ አንተ?

ለቃሚ፦ ተቀያሪ። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ። እናቴ ማሊያዬን በየሳምንቱ ታጥበው ነበር፤ ላብ ነክቶት እንደማያውቅ እያየች። አንድ ቀን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አሰልጣኙ ወደኔ ዞሮ እጁን ዘረጋ። ቱታዬን አውልቄ ዘልዬ ተነሳሁ።

አራሚ፦ ገባህ?

ለቃሚ፦ ለካ ፎጣ ነበር የፈለገው።

አራሚ፦ [ሳቁን ሊይዝ ይሞክራል፤ አይችልም።] ሰጠኸው?

ለቃሚ፦ ሰጠሁት፤ ጠርጎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሳይ ዓይኔ ሜዳው ላይ አያርፍም፤ ወንበሩን ነው የማየው። ባለፉት ሁለት ወራት ግን እነ ፎጣ ቡድን ውስጥ ፎጣውን ሌላ ሰው ነው የሚያቀብለው።

አራሚ፦ ጭራሽ ማቀበሉንም ተወው?

ለቃሚ፦ ወንበሩ ላይ የለማ።

አራሚ፦ ሰነፍ! ፎጣ ማቀበል እንኳ ያቃተው!

ለቃሚ፦ ጋሼ፣ እኔ እኮ ወንበሩ ላይ የለም ስልህ...

[በር ይንኳኳል። የጠራዧ እጅ በበሩ ክፍተት ገብቶ የካርቶን ሳጥን ያንቀጫቅጫል።]

አራሚ፦ መጣች! ቆይ፣ ቆይ! [እየጻፈ] መ... ሰ... ላ... ል። አራት ነጥብ።

ለቃሚ፦ ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ፎጣን ውሰደው፤ እኔ ሌላ አላጣም። ያ ወንበር እኮ ይገልሃል።

አራሚ፦ ወንድሜ፣ ፎጣን ከነሳሙናው መርቄልሃለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሳርም አንድ ፊደል አምልጦኝ አያውቅም። [ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። ለቃሚም ጽፎ ይከታል። እጁና ሳጥኑ ይወጣሉ።] አለቀ! ሳጥን የገባ አይወጣም። ያንን ደንብ ራሱ ያረምኩት እኔ ነኝ።

ለቃሚ፦ እንግዲህ ይቅናህ። ዕድሜው ካላሳሰበህ...

አራሚ፦ የማን ዕድሜ?

ለቃሚ፦ የመሰላል።

አራሚ፦ ስንት ነው ዕድሜው?

ለቃሚ፦ ሠላሳ ስምንት። አሁን አይደል ያነበብከው?

አራሚ፦ እሱ ዕድል ነው! በየጨዋታው የሚፈጥረው የማግባት ዕድል! "ዕ" ዕድል!

ለቃሚ፦ "ዕ" ዕድሜ ነው።

[አራሚው ሰንጠረዡን አንስቶ ወደ ዓይኑ ያስጠጋል።]

አራሚ፦ "ማ"... ማግባት ነው።

ለቃሚ፦ ማሊያ። የማሊያ ቁጥሩ።

አራሚ፦ [ቀስ ብሎ ይቀመጣል።] "ጫ" ጫና አይደለም?

ለቃሚ፦ ጫማ። ሃምሳ ቁጥር ይገኛል እንዴ? በትእዛዝ ነው የሚሠራለት አልኩህ እኮ።

አራሚ፦ የጫማ ቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ ምን ይሠራል? እናንተ ሰዎች!

ለቃሚ፦ ቦታ ተርፎኝ ነው።

አራሚ፦ ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?

ለቃሚ፦ በየዓመቱ አንድ ይጨምራል ስልህ እድገት ነው አልክ። እኔ ደግሞ አንተ የምታውቀው ነገር አለ፣ ሽማግሌ የመረጥከው ለልምዱ ይሆናል ብዬ...

አራሚ፦ ያገቡትስ? ያገቡት የት ነው የተጻፈው?

ለቃሚ፦ ሁለተኛው ገጽ ላይ። ከላይ የፊደሎቹ ትርጉም፣ ከታች ያገቡት። ፎጣ እዚያ ሁለተኛ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ከሜዳ አልወጣም። መሰላል ደግሞ የሚጫወተው ሌሎቹ ሲታመሙ ነው።

አራሚ፦ [በአራት እግሩ ወርዶ ጠረጴዛው ሥር ያያል። ከዚያ ወደ ወንበሩ እግር ይዞራል። የታጠፈው ወረቀት ዳር ላይ "ገጽ 2" የሚል ይታያል። ሊስበው ይታገላል።] ያዝልኝ! ወንበሩን ከፍ አድርግልኝ!

ለቃሚ፦ [እጁን ይዞ በቀስታ ያስነሳዋል፤ ወንበሩ ላይ መልሶ ያስቀምጠዋል።] ተወው ጋሼ፣ እዚያው ይሁን። ለከርሞም ያስፈልግሃል።