ለአቶ ገብረጻድቅ መጠጥ የመምረጥ ጥናት

ኮሚቴው ከመቋቋሙ በፊት የነበረው ሁኔታ የሚከተለው ነበር። የመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ኃላፊ አቶ ገብረጻድቅ ኩላሊታቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኗል። ሐኪሙ በቀን አምስት ብርጭቆ ተራ ውኃ ፈቅዶ የብርቱካን ጭማቂን፣ ለስላሳንና ጨው ያለበትን ሾርባ ከልክሏል። ጥቅምት 1974 ዓ.ም. ሲመዘኑ ሰባ አንድ ኪሎ ነበሩ፤ አምስቱ ኪሎ እግራቸው ላይ የተጠራቀመ ውኃ እንደሆነና ከዚህ በላይ ከጨመረ ለሕይወታቸው እንደሚያሰጋ ሐኪሙ ጽፏል።

አዋሳ ደግሞ ጨዋ ከተማ ናት፤ በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ከፒያሳ ለስላሳ ይመጣል፣ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ በፔርሙዝ ይመጣል። ጠያቂ ያመጣውን አለመቅመስ ነውር ስለሆነ አቶ ገብረጻድቅ ከሁሉም ይቀምሳሉ። በአንድ እሑድ የቀመሱትን ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብትለካው ሦስት ሊትር ከሩብ ሆነ።

መሥሪያ ቤቱ ዝም አላለም። የታመመ ጓድ ተራ ውኃ መጠጣቱ የድርጅቱን ክብር ስለሚነካ፣ የተሻለ መጠጥ መርጦ የሚያቀርብ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተሰየመ። ሊቀመንበሩ ጓድ ብዙአየሁ ስለ ኩላሊት ምንም ስለማያውቁ ከአድልዎ ነጻ ነበሩ።

የመጀመሪያው ውሳኔ ብስለት የታየበት ነው። ጥናቱ እስኪያልቅ ማንም ሰው ለታማሚው መጠጥ ይዞ እንዳይሄድ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ለናሙና የሚሰበሰበውን ሁሉ ኮሚቴው በራሱ ኩላሊት ሊፈትን ተስማማ።

ክርክር የተነሣው በሾርባው ላይ ነው። የግምጃ ቤቱ ሙክታር፣ «በማንኪያ ከሆነ ምግብ ነው፤ በብርጭቆ ከሆነ መጠጥ ነው» አለ።

«ዓሣውስ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ዓሣው በቃለ ጉባኤ ይለይ።»

ጉዳዩ ለበላይ አካል ተጻፈ።

በዘጠነኛው ሳምንት ጓድ ብዙአየሁ የምሥራች ይዘው ታማሚው ቤት ሄዱ። ብርቱካን የተጨመቀበት ብርዝ በአራት ድምፅ አሸንፏል፤ ሰኞ ሃያ ሊትር ይመጣል፤ አቶ ገብረጻድቅ ሲጠጡ ሠራተኛው ቆሞ ያጨበጭባል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የባሏን እግር አየች። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወዲህ መጠጥ ያመጣ ጠያቂ የለም፤ ጫማው ገና ባለፈው ሳምንት ነበር የገባላቸው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የሾርባው ነገር አለቀ?» አለች።

«መልስ እየጠበቅን ነው። እሱን ትተን…»

«ትታችሁ? ነገ ከላይ ጥናቱ ጎዶሎ ነው ቢሉዎትስ?»

ጓድ ብዙአየሁ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

«እኔ ምን አውቄ፤ ግን አጃውስ ተጠንቷል? ቃሪቦውስ?» አለች ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

አቶ ገብረጻድቅ ከአልጋቸው ቀና አሉ። «ስለ እኔ አይቸኩሉ። ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም እስከሆነ ድረስ ውኃዬን እየጠጣሁ እታገሣለሁ።»

ሊቀመንበሩ በዚህ መሥዋዕትነት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ብርዙ ታገደ፤ በማግሥቱ የአጃና የቃሪቦ ንዑሳን ኮሚቴዎች ሥራ ጀመሩ።

እስከ ሰኔ ድረስ ሠላሳ አንድ ስብሰባ ተደርጓል፤ የሾርባው መልስ አልመጣም። በዚያው ወር ሐኪሙ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን መዘነ፦ አቶ ገብረጻድቅ ስልሳ ስድስት ኪሎ፣ እብጠት የለም፤ ጓድ ብዙአየሁ ዘጠና አራት ኪሎ፣ ሁለቱም እግራቸው አብጧል።