የኮሪደሩ ማብሪያ ማጥፊያ ዘመቻና የፍሪጁ ዝምታ

ገናናው አባወራ፣ ከሚስታቸው ምክር ይልቅ በካቻቢቴያቸው የሚታመኑት፣ ሰፈሩ «ችግር የለም» የሚል ስም ያወጣላቸው ባለቤቴ፣ ትዳር በያዙ በሃያ ሦስተኛው ዓመት፣ ይኸውም ፍሪጁ በገባ በአራተኛው፣ ቤቱ ቀለም በተቀባ በሁለተኛው፣ እናታቸውም ከእኛ ጋር ሊኖሩ በመጡ በስድስተኛው ወር፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ፍሪጁ ዝም አለ። ዝም ማለቱን ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለም፤ ልብ ያልነው ዘግይተን ነው፤ ምን ያህል እንደዘገየንም ይህ ዜና መዋዕል በየተራው ይናገራል።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። የገናናው እናት፣ እኛ እማማ የምንላቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን የጎረቤትን የግድግዳ ሰዓት የሚቆጥር፣ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲነሡ ረጅሙን ኮሪደር መሻገር አለባቸው። ማብሪያ ማጥፊያው በኮሪደሩ ወዲህና ወዲያ ጫፍ ሁለት ሆኖ ሳለ፣ በጨለማ አንዱም እጃቸው አይገባም፤ መብራቱም በርቶ አያድርም፣ እኔ ሳልተኛ እየዞርኩ ሁሉን የማጠፋ ነኝና። ስለዚህ ዐርብ ማለዳ ሻንጣቸውን ሸክፈው ከመውጫው በር ሥር፣ በሩ እንዳይገጥም አድርገው አኖሩትና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙ! የኮሪደሩ መደርደሪያ ዛሬም ግንባሬን ሳመኝ፤ ከነዛሬው ሦስተኛው ነው። በልጄ ቤት ግድግዳ እየዳበስኩ አልኖርም። እሑድ በጠዋት ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ የሚሸኘኝ ይሸኘኝ፣ የማይሸኘኝ እንቅልፉን ይለጥጥ!»

ቤታቸው ማለት ጎረቤት የራቀው፣ ደረጃው የተሸራረፈ ባዶ ቤት ነው። እኔም በልቤ እማማ ከዚያ ደረጃ ሥር ወድቀው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ሳይደርስላቸው አየኋቸው፤ ለቀብራቸው የሚመጣውን ሰው እንኳ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

በዚህ ጭንቅ መካከል ትልቋ ልጃችን፣ በመድኃኒት ቤት የምትሠራው፣ ሰው ሲያልፍ ራሱ የሚያበራ፣ በስልክም የሚታዘዝ ዘመናዊ ማብሪያ ማጥፊያ ገዝታ ገባች። ገናናውም ካርቶኑ ሳይከፈት አወጁ፦

«ስሙ! ሁለት ብሎን፣ ሦስት ሽቦ፤ ውሃው ሳይፈላ ያለቀ ነገር ነው። እናቴ የትም አትሄድም። ችግር የለም!»

ቅዳሜ ዕለት የተሰለፈውም ሠራዊት እንዲህ ነበረ። በፊት ገናናው ካቻቢቴና ፒንሳ ታጥቀው፤ በቀኛቸው ልጃችን፣ ዐቃቢተ መብራት፣ በአንድ እጇ የስልኳን ባትሪ በሌላው የመመሪያውን ወረቀት ይዛ፤ በመካከል እማማ በወንበራቸው ተቀምጠው፤ በኋላም እኔ፣ ገናናው መብራት የያዛቸው እንደሆነ ገፍቼ የማላቅቅበትን ደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ተሸክሜ፣ በላስቲክ ጫማ ቆሜ። ሐኪም ቤት የሚወሰዱ ከሆነም እንዳናፍር ቀዳዳ የሌለው ካልሲ አስቀይሬያቸዋለሁ።

ከዚህም በኋላ ገናናው ለፍተሻ የኮሪደሩን መብራት አብርተው ተዉትና፣ ወደ ኩሽና ሄደው ከብሬከሮቹ መካከል «ኮሪደር» የሚል ናስትሮ የተለጠፈበትን ወደ ታች አወረዱ። መብራቱ መጥፋቱንም ከዚያው ሆነው በታላቅ ድምፅ ጠየቁ፤ ልጃችንም መጥፋቱን በታላቅ ድምፅ መለሰች። እውነትም ጠፍቶ ነበር። ነገር ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በወዲያኛው ጫፍ ቆሜ፣ መብራት በርቶ ሽቦ ሲነካ እንዴት ይታያል ብዬ፣ በዚያችው ቅጽበት በእኔ በኩል ያለውን ተጭኜዋለሁ። ጥንቃቄ እንጂ ጥፋት አልመሰለኝምና ለማንም አልተናገርኩም። ናስትሮዎቹም ቤቱ በተቀባ ጊዜ ረግፈው፣ ገናናው «ችግር የለም» እያሉ በግምት መልሰው የለጠፏቸው ናቸው፤ የወረደው ብሬከር የኩሽናው ነበር።

እነሆ የወዲህኛው ማብሪያ ማጥፊያ ክዳን ተነሣ፤ ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ሽቦም ታየ። ገናናውም ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያመለከቱ አወጁ፦

«ቀዩ መጪ፣ ጥቁሩ ወደ አምፖሉ ሂያጅ፣ ሰማያዊው ኒውትራል ነው፤ መመለሻ ብቻ ስለሆነ አይነክስም። ችግር የለም!»

ልጃችንም በተቃውሞ አወጀች፦

«አባዬ፣ ወረቀቱ ‹ቀለም አትመኑ፣ በቴስተር አረጋግጡ› ይላል። የምለው እኔ አይደለሁም፣ ወረቀቱ ነው!»

ገናናውም፣ «ይህን ቤት ያቆመው ወረቀት አይደለም፣ እኔ ነኝ!» ብለው፣ የሰማያዊውን ብሎን አላልተው ራቁቱን ሽቦ ለመምዘዝ ሁለት ጣታቸውን ዘረጉ። በዚያች ሰዓት ከወንበሩ ላይ፣ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ጥቂት ከቀረው ደረት ይወጣል ተብሎ የማይታሰብ ድምፅ መጣ፦

«እጅህን ሰብስብ፣ አንተ ልጅ! ፍሪጁ ለምን ዝም አለ?»

ያን ጊዜ ሁላችን የፍሪጁን ዝምታ ሰማን። ልጃችን ወደ ኩሽና ሮጣ የፍሪጁን በር ብትከፍት ውስጡ ጨለማ ነው። እኔም እንጨቱን ጥዬ፣ «እኔ ነኝ! መብራቱን በዚህ በኩል ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ለጥንቃቄ ብዬ ነው!» ስል አወጅኩ፤ እንዲህ ያለ አሳፋሪ አዋጅም በዚህ ቤት ተነግሮ አያውቅም። ልጃችን ከአባቷ መሣሪያዎች መካከል ቴስተሩን፣ ያልሞተ ሽቦ ሲነካ የሚበራውን፣ አንሥታ ሰማያዊውን፣ አይነክስም የተባለውን ነካችው። ቴስተሩ እንደ ድመት ዓይን በራ።

ገናናው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ችግር የለም አላሉም። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ወእምዝ እማማ ዋናው ብሬከር እንዲወርድ፣ ቴስተሩም ከልጅ ልጃቸው እጅ እንዳይወጣ አዘዙ። እርሷም ሦስቱን ሽቦዎች ደግማ ፈትሻ፣ ሙት መሆናቸውን አይታ፣ እንደነበሩ ፎቶ አነሣቻቸው፤ የወዲያኛውንም ጫፍ ከፈተች፤ በመስኮት ብርሃን በካርቶኑ ጀርባ ላይ ካርታ ሣለች። ሲመረመርም ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ቀዩ መብራት ያመጣል፤ ጥቁሩና ሰማያዊው ግን ሁለቱን ማብሪያ ማጥፊያዎች የሚያገናኙ መንትዮች ናቸው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሸከማል፤ ወደ አምፖሉ የሚወጣው ሽቦ ያለው በወዲያኛው ጫፍ ነው። ኒውትራሉ በኮርኒሱ ላይ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል እንጂ ከሁለቱ ወደ አንዱም አይወርድም። አዲሱ ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ያለ ኒውትራል አይሠራም።

ስለዚህ ገናናው፣ ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ካቻቢቴያቸውን በትሕትና አንሥተው እያንዳንዱን ሽቦ እንደ ፎቶው መለሱ፤ አሮጌው ማብሪያ ማጥፊያም በቦታው ገባ። ዋናውና የኩሽናው ብሬከር ተነሥተው፣ እኔም ያጠፋሁትን መልሼ ስጫነው ኮሪደሩ በራ፤ ፍሪጁም ማጉረምረም ጀመረ። ናስትሮዎቹም ብሬከር በየተራ እየወረደ፣ ምን እንደጠፋ እየታየ እንደገና ተለጠፉ። አዲሱ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ፤ ልጃችን ሰኞ በሌላ ልትለውጠው።

ነገር ግን እየመሸ ነበር፤ ሻንጣውም ከበሩ ሥር አልተነሣም። ገናናው ሻንጣውን ማየት ፈርተው እጃቸውን ሲታጠቡ ቆዩ። እኔም ከናስትሮው ሁለት ቁራጭ ቆርጬ፣ ወዲህና ወዲያ ባሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች ላይ ለጥፌ፣ በሕይወቴ አወጣዋለሁ ያላልኩትን አዋጅ አወጣሁ፦

«ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ የኮሪደሩ መብራት ሲመሽ ይበራል፣ ሲነጋ ይጠፋል። ሌሊት ለማጥፋት የሚነሣ ሰው ቢገኝ፣ ያ ሰው እኔ ነኝና እጄን ያዙኝ!»

እማማም ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ግድግዳውን ሳይዳብሱ፣ መደርደሪያውንም በሩቁ አልፈው እስከ በሩ ሄዱ። ሻንጣውን አንሥተው ለልጃቸው አስታቀፏቸውና የዕለቱን የመጨረሻ አዋጅ ተናገሩ፦

«ወደ ክፍሌ መልሰው። ችግር የለም።»

ክብር ይሁን ለገናናው አባወራ፣ የማያውቁትን ሽቦ ሊነኩ ዘርግተው እጃቸውን በደኅና ለሰበሰቡት፤ ክብር ለዐቃቢተ መብራት፣ ከአባቷ ድምፅ ይልቅ ወረቀቱን ለሰማችው፤ ከሁሉ በላይ ክብርና ረጅም ዕድሜ ለእማማ፣ ሁላችን በዓይናችን ያላየነውን በጆሯቸው ላዩት። በሩም፣ ሁለት ቀን ሙሉ በሻንጣ ተከልክሎ የነበረው፣ ገጠመ። እማማ ራሳቸው ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞሩት። እኔም እንደ ልማዴ ገፋ አድርጌ ሞከርኩት። ተቆልፏል።